ዳታቤዙ ጥቅምት 29ን አላውቅም ሲል፦ ቀንንና ሰዓትን በፕሮግራም ውስጥ ስለ መያዝ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮች መመዝገቢያ ሲስተም ተበላሽቷልና እንድመለከተው ተጠራሁ። ሲስተሙ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ ዓርብ ጥቅምት 29 ቀን ጠዋት አዲስ ባለጉዳይ አልመዘግብም አለ። ሠራተኞቹ ወረፋው በር ላይ ሲደርስባቸው የራሳቸውን መላ ዘየዱ፤ ቀኑን 28 ብለው ሲያስገቡት ሲስተሙ እሺ ስላላቸው የዓርቡንም የቅዳሜውንም ባለጉዳይ ሐሙስ ዕለት እንደ መጣ አድርገው ጻፉት። እኔ ሰኞ ኅዳር 2 ቀን ስደርስ ሲስተሙ ማንም ሳይነካው ድኖ ይሠራ ነበር።

ምክንያቱ ኮዱን ሲከፍቱት ወዲያው ይታያል። ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር የኢትዮጵያን ቀን ሳይለውጥ፣ እንዳለ፣ በዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያ አጻጻፍ 2017-02-29 ይሆናል። ዳታቤዙ ደግሞ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን መቁጠሪያ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ወር ለእርሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለነበረው የለም ብሎ መለሰው። ሲስተሙ ከአንድ ዓመት በፊት ሥራ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 29 ያልፍ ነበር፤ 2016 በጎርጎርዮሳዊው ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ዓመት ነውና የሚደናቀፈው ጥቅምት 30 ላይ ብቻ ነበር። ጳጉሜን ላይ ደግሞ አምስቱም ቀናት ይወድቁ ነበር፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ዳታቤዙ አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ያልጮኸው ስሕተት ነው። ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 1 አንድ ቀን ሲሆን፣ ዳታቤዙ መጋቢትን ጁላይ አድርጎ ስላነበበው ሁለት ቀን ብሎ ይቆጥራል፤ ይህን ማንም ሳያየው የቅጣት ወለድ ሊሰላበት ይችላል።

የሚከተለው ያንን ሲስተም ስጠግንና ከዚያም ወዲህ ስሠራ የረጋልኝ አሠራር ነው። በፓይተን፣ በጃቫስክሪፕት፣ በጃቫ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢሠሩ መሠረቱ አይለወጥም።

ቅጽበት፣ ዕለት፣ ቀጠሮ

ኮድ ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱን የቀን ዓምድ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቅጽበት ማለት አንድ ነገር የተፈጸመበት፣ በመላው ዓለም አንድ የሆነ ነጥብ ነው፤ ክፍያ የተፈጸመበት፣ ተጠቃሚው የገባበት፣ መልእክቱ የተላከበት። ዕለት ማለት ሰዓትም የሰዓት ቀጠናም የሌለው ቀን ነው፤ የትውልድ ቀን፣ የውል ቀን፣ በዓል። ቀጠሮ ማለት ደግሞ ወደፊት በአንድ አገር ሰዓት መሠረት የሚሆን ነገር ነው፤ የሐኪም ቤት ተራ፣ የስብሰባ ሰዓት፣ የአውቶቡስ መነሻ።

ካየኋቸው የቀን ስሕተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ አንዱን እንደ ሌላው አድርጎ ከመያዝ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የዓምዱ ስም ራሱ ዓይነቱን እንዲናገር ማድረግ ይጠቅማል፤ «ቀን» ተብሎ ብቻ የተሰየመ ዓምድ ከስድስት ወር በኋላ ራሱን የጻፈውን ሰው ግራ ያጋባል።

ቅጽበትን ስለ መያዝ

ቅጽበት በዩቲሲ፣ ማለትም መላው ዓለም በሚጋራው የማመሳከሪያ ሰዓት፣ ይቀመጣል፤ በዚህ ብዙም የሚያከራክር ነገር የለም። በየቋንቋው ውስጥ ተደብቆ ያለው ቁጥር የዩኒክስ ጊዜ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ይቆጥራል። ያ ዜሮ ሰከንድ አዲስ አበባ ላይ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ይህን ቀን በቃል መያዝ ጥቅም አለው። ፓይተን ሰከንድ ሲሰጥ ጃቫስክሪፕት ሚሊሰከንድ ስለሚሰጥ ሁለቱ ሲደባለቁ የዛሬ ቀን ሁሉ ጥር 1962 ዓ.ም. ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የደንበኛዎ የክፍያ ታሪክ በሙሉ ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. አካባቢ ተከማችቶ ካዩ ሌላ ነገር አይፈልጉ፤ አንድ ቦታ ላይ በ1,000 ማባዛት ቀርቷል።

ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» የተባለው ዓይነት ስሙ እንደሚያስመስለው ቀጠናውን አያስቀምጥም፤ የመጣለትን ወደ ዩቲሲ ለውጦ ቅጽበቱን ብቻ ይይዛል፣ ሲያወጣም በጠያቂው ቀጠና ያሳያል። ለቅጽበት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቀጠና የለሹ ዓይነት ግን የተጻፈለትን የሰዓት ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ፣ ሰርቨሩ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት የተዛወረ ዕለት የቆየው መረጃ ትርጉሙ ይጠፋል። በፓይተንም እንዲሁ ቀጠና ያልተጻፈበት ጊዜና የተጻፈበት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀጠና የለሽ የዩቲሲ ጊዜ ይሰጥ የነበረው የቆየ ትእዛዝ ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንዲተው የተመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጠናዎችን በስም ለመጥራት ከፓይተን 3.9 ጀምሮ «ዞንኢንፎ» የተባለው ክፍል ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል።

አንድ ሥራ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ለመለካት ግን ይህን ሰዓት አይጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሲያስተካክል ወደኋላ ሊመለስ ይችላልና፤ ቋንቋዎች ለዚህ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ሌላ ቆጣሪ አላቸው።

የልደት ቀን አንድ ቀን ሲቀንስ

ዕለትን እንደ ቅጽበት የያዘ ሰው የሚደርስበት ይህ ነው። አንድ ወላጅ የልጁን የትውልድ ቀን በድረ ገጽ ፎርም ላይ ጃንዋሪ 7 ብሎ ይመርጣል። ብራውዘሩ ይህን ጃንዋሪ 7 በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አድርጎ ይይዘዋል። ፕሮግራመሩ ወደ ሰርቨር ለመላክ ወደ ዩቲሲ ጽሑፍ ሲቀይረው ሦስት ሰዓት ይቀነስና ጃንዋሪ 6፣ 21 ሰዓት ይሆናል። ሰርቨሩ ደግሞ የሰዓቱን ክፍል ቆርጦ ይጥልና ጃንዋሪ 6ን ይመዘግባል። በገና ዕለት የተወለደችው ልጅ በገና ዋዜማ ተወለደች ተባለ ማለት ነው። ወላጁ ቀኑን ሳይነካ ሌላ ነገር አስተካክሎ ፎርሙን መልሶ ቢልከው አንድ ቀን እንደገና ይጎድላል፤ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የአንዲት ልጅ የትውልድ ቀን በሦስት ጊዜ እርማት ሦስት ቀን ወደኋላ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ላይ ስሕተቱ በሌላ በር ይገባል። ጃቫስክሪፕት ሰዓት የሌለውን «2026-01-07» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰዓት ከተጨመረበት ግን የተጠቃሚው አገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። በዋሽንግተን ያ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ገና የጃንዋሪ 6 ምሽት ስለሆነ ስክሪኑ 6ን ያሳያል። መፍትሔው ዕለትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዕለት አድርጎ መያዝ ነው። ከፎርሙ ዓመት፣ ወርና ቀን እንደ ሦስት ቁጥር ወይም እንደ ጽሑፍ ይውጣ፤ በዳታቤዙ ውስጥ ሰዓት በሌለው የቀን ዓይነት ይቀመጥ፤ በመካከሉ ወደ ቅጽበት የሚለወጥበት ምንም ደረጃ አይኑር። በነገራችን ላይ ጃቫስክሪፕት ወሮችን ከዜሮ ስለሚቆጥር ጃንዋሪ ለእርሱ 0 ነው፤ ይህን የረሳ ሰው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ወር ይሳሳታል።

ከዩኒክስ ሰከንድ ወደ ኢትዮጵያ ቀን

የማጠራቀሚያው ዳታቤዝ ጎርጎርዮሳዊ ሆኖ የኢትዮጵያ ቀን ሰው በሚያይበትና በሚጽፍበት ጠርዝ ላይ ብቻ ይለወጥ። ለዚህ ዝግጁ መሣሪያ ካለ እርሱን መጠቀም ይሻላል። የጃቫስክሪፕት «ኢንትል»፣ ቀንንና ቁጥርን በየአገሩ ልማድ የሚጽፈው ክፍል፣ የኢትዮጵያን መቁጠሪያ ያውቃል፤ ነገር ግን አማርኛን መምረጥ ብቻ አይበቃም፣ መቁጠሪያውንም በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። የጃቫ መደበኛ የጊዜ ክፍል የታይ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ መቁጠሪያ ይዞ የእኛን አልያዘም፤ «ጆዳ ታይም» እና «አይሲዩ» የሚባሉት ተጨማሪ መሣሪያዎች ግን አላቸው። ሆኖም ስሌቱ አጭር ስለሆነ ማንም ፕሮግራመር አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራው መልካም ነው፤ የኢትዮጵያ መቁጠሪያ ለኮምፒውተር ከጎርጎርዮሳዊው ይልቅ የቀለለ መሆኑንም ያይበታል።

በእጅዎ ያለው የዩኒክስ ሰከንድ 1,700,000,000 ይሁን። በመጀመሪያ 10,800 ይደምሩበት፤ ይህ የአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት ብልጫ በሰከንድ ነው። ድምሩን ለ86,400 ሲያካፍሉት ድርሻው 19,676 ቀሪው 4,400 ይሆናል። ቀሪው ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው ሰከንድ ነው፤ 1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ድርሻው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉት ዕለታት ነው። በዚህ ላይ 716,732 ይደምሩ፤ ይህ ቁጥር ዓመት 1 ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ዓመት መስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ያሉት ዕለታት ናቸው። ድምሩ 736,408 ነው።

አሁን ለ1,461 ያካፍሉ፤ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ አራት ዓመታት በቀን ሲቆጠሩ ይህን ያህል ናቸውና። ድርሻው 504 ቀሪው 64 ነው። ድርሻውን በ4 ሲያባዙት 2016 ይሆናል። ቀሪውን ለ365 ሲያካፍሉት ድርሻው 0 ስለሆነ ዓመቱ 2016 ሆኖ ይቀራል፤ ድርሻው 1 ወይም 2 ወይም 3 ቢሆን ኖሮ ይጨመርበት ነበር። ከዓመቱ መጀመሪያ 64 ዕለታት አልፈዋል ማለት ነው። 64ን ለ30 ሲያካፍሉት ድርሻው 2 ቀሪው 4 ነው፤ በሁለቱም ላይ 1 ሲጨምሩ 3ኛ ወር፣ 5ኛ ቀን፣ ማለትም ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ይሆናል። የመጀመሪያዋን 10,800 ረስተው ቢሆን ኖሮ ኅዳር 4 ይወጣ ነበር፤ በዩቲሲ ገና ኖቬምበር 14 ነበርና።

አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ። ለ1,461 ሲካፈል ቀሪው 1,460 ከሆነ ዕለቱ የአራቱ ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 6 ነው። በተለመደው መንገድ ለ365 ቢያካፍሉት ድርሻው 4 ሆኖ ወደ ማይገባው ዓመት ያሻግራል፤ ስለዚህ ዓመቱን አንድ ቀንሰው ከዓመቱ መጀመሪያ ያለፉትን ዕለታት 365 ያድርጉ። ይህ ዙር የሚጀምረው ለ4 በሚካፈለው በዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ጭማሪዋ ቀን ሁልጊዜ በመጨረሻው በሉቃስ ጫፍ ላይ ትወድቃለች። የመቶና የአራት መቶ ዓመት ልዩ ደንብ የለም። በጎርጎርዮሳዊው ግን 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፣ 2000 ነበረው፣ 2100 አይኖረውም። መስከረም 1ን «ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12» ብለው በኮዳቸው ውስጥ የቸከሉ ሰዎች ከ2100 በኋላ የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ወደኋላ መመለሱ ከዚህም ይቀላል። ዓመቱን በ365 ያባዙ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ድርሻ ይደምሩ፤ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ከቀኑ 1 ቀንሰው ይደምሩ። ለኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. 735,840 እና 504 እና 60 እና 4 ሲደመሩ መልሶ 736,408 ይሰጣል። ከዚህ 716,732 ሲቀንሱ የዩኒክስ ዕለት ቁጥር ያገኛሉ።

የማካፈሉ ነገር ጥንቃቄ የሚፈልግበት ቦታ አንድ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. በፊት የተወለደ ሰው የዩኒክስ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ፓይተን ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ሲያካፍል ወደ ታች ሲያጠጋጋ፣ ሲ እና ጃቫ የሙሉ ቁጥር ማካፈላቸውን ወደ ዜሮ ያጠጋጋሉ። በእነዚህ ቋንቋዎች ወደ ታች የሚያጠጋጋውን ትእዛዝ ለይተው ካልጠሩ አዛውንቶቹ ብቻ አንድ ቀን የሚሳሳት መዝገብ ይኖርዎታል፤ ቴስት ያደረገው ወጣት ፕሮግራመር ደግሞ የራሱን ልደት ስለሚሞክር አያገኘውም።

ሰዓቱስ?

የአማርኛ ሰዓት ልወጣ ስድስት መደመር ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ቁጥሩ በእርግጥ ያን ያህል ቀላል ነው። ከ0 እስከ 23 ያለውን ሰዓት 6 ጨምረው ለ12 ሲያካፍሉት ቀሪው የእኛ ሰዓት ነው፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ይባላል። ከ6 እስከ 11 ያለውን «ከጠዋቱ»፣ ከ12 እስከ 17 ያለውን «ከቀኑ»፣ ከ18 እስከ 23 ያለውን «ከምሽቱ»፣ ከ0 እስከ 5 ያለውን «ከሌሊቱ» ማለት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ተጠቃሚው ሲያስገባ ደግሞ ቁጥሩንና ቀን ወይም ሌሊት መሆኑን ለየብቻ ይጠይቁ፤ 12ን ወደ 0 ከቀየሩ በኋላ ለቀን 6፣ ለሌሊት 18 ደምረው 24 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ 24 ይቀንሱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት 26 ይሆንና 24 ሲቀነስ 2 ይቀራል።

አስቸጋሪው ቁጥሩ ሳይሆን ዕለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ግን በንግግሩ ሌሊቱን ያለፈው ቀን ጭራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከላይ ያሰላነው ቅጽበት ለኮምፒውተሩ ረቡዕ ኅዳር 5 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያ ሰዓት ያልተኛ ሰው ግን ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ከ13 ነው የሚለው። አሁን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ሲስተም ያስቡ። መነሻው «ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ተብሎ በአጭር መልእክት ከደረሰው ተሳፋሪ አንዱ ረቡዕ ሳይነጋ መናኸሪያ ይገኛል፣ ሌላው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም አማርኛቸው ትክክል ነው። ቋንቋው ለዚህ መድኃኒቱን አስቀምጧል፤ «ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ማለት ነው። ሰዓቱ ከ0 እስከ 5 በሆነ ቁጥር ኮዱ ከዕለቱ ስም በፊት «ለ» ከኋላው «አጥቢያ» እንዲጨምር ማድረግ የሁለት መስመር ሥራ ነው። አንድም የውጭ መሣሪያ ይህን አያደርግልዎትም።

ቀጠሮ

ወደፊት ስለሚሆን ነገር ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ የሚለው ምክር አይሠራም። በየቅዳሜው ከምሽቱ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር የሚደረግ የቤተሰብ የቪዲዮ ስብሰባ ዋሽንግተን ላለው ዘመድ በክረምታቸው በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በ1 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓታቸውን ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ በእነዚያ ወራት 2 ሰዓት ይሆናል። በተቃራኒው ቀጠሮው የተቆረጠው ዋሽንግተን ባለው ዕድር ሰዓት ከሆነ የሚዘዋወረው የአዲስ አበባው ነው። ስለዚህ የሚቀመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዕለቱ፣ የግድግዳው ሰዓት፣ እና የቀጠናው ስም። «ከዩቲሲ አምስት ወደኋላ» የሚል ቁጥር ስም አይደለም፤ ዋሽንግተን በዓመቱ አብዛኛው ክፍል አራት ወደኋላ ናትና። ቅጽበቱ የሚሰላው ማስታወሻ መልእክቱ ሊላክ ሲቃረብ ነው፤ በመካከሉ አንድ መንግሥት የሰዓት ደንቡን ቢለውጥ የታደሰው የቀጠና መዝገብ ትክክለኛውን ይሰጣል። እስራኤልም ከማርች የመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ሰዓቷን ስለምትገፋ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከአዲስ አበባ እኩል ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ሰዓቱ በሚገፋበት ሌሊት የሌለ ሰዓት አለ። በ2026 እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን በዋሽንግተን ከሌሊቱ 2፡30 በእነርሱ አቆጣጠር የሚባል ጊዜ አልነበረም፤ ኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ 1፡30 ሁለት ጊዜ ይሆናል። በእነዚህ ሰዓታት የሚሠራ ሥራ፣ ለምሳሌ የሌሊት ሒሳብ መዝጊያ፣ ከመደብዎ በፊት ቋንቋዎ ምን እንደሚያደርግ ይሞክሩ። ሰርቨርዎ ላይ አዲስ አበባን መርጠው ናይሮቢ የሚል ስም ቢያዩ ግን አይደንግጡ፤ በዓለም አቀፉ የቀጠና መዝገብ አዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚመራ ሌላ ስም ብቻ ነው።

ጳጉሜን፣ በዓላትና የኤክሴል ፋይል

«አንድ ወር ጨምር» የሚለው ትእዛዝ በኢትዮጵያ መቁጠሪያ የንግድ ጥያቄ እንጂ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። ወርን 30 ቀን አድርጎ ብድር ያሰላ ሰው በ20 ዓመት ውስጥ 105 ቀናት ይጎድሉበታል፤ ጳጉሜን በየዓመቱ አምስት፣ በየአራተኛው ስድስት ስለሆነች። የነሐሴ 10 ክፍያ ቀጣዩ መስከረም 10 ነው ወይስ ጳጉሜን ላይ የሚያርፍ ነገር አለ ብለው ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ለደመወዝና ለቤት ኪራይ የተለመደው ጳጉሜንን መዝለል ነው፣ ለዕለታዊ ወለድ ግን መቁጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጳጉሜን በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ትወድቃለች፤ ያ ሩብ 95 ወይም 96 ቀን ሲሆን ሌሎቹ 90 ናቸው። የየሩቡን አማካይ ዕለታዊ ገቢ ለ90 የሚያካፍል ሪፖርት የመጀመሪያውን ሩብ በየዓመቱ ያለ አግባብ ያሞግሳል።

በዓላትን በቀን ቁጥር አይቸክሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ይሰላል። ኢድ አል ፈጥርና አረፋ ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰኑ ለእነርሱ ቀመር ከመጻፍ ይልቅ አስተዳዳሪው የሚያርመው ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይሻላል።

ከተጠቃሚ ቀን ሲቀበሉ ነጻ የጽሑፍ ሳጥን አይስጡ። «05/06/2017» የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ወይም ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በጎርጎርዮሳዊው ከሆነ ደግሞ ጁን 5 ወይም ሜይ 6፣ ማለትም ግንቦት 28 ወይም ሚያዝያ 28 ቀን 2009 ዓ.ም.። ወሩ በስሙ ይመረጥ፣ ከአጠገቡም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ይጻፍ። ከኤክሴል የሚመጣ ፋይል ሲደርስዎ ከመጫንዎ በፊት የቀን ዓምዱን ይመርምሩ። ጸሐፊዋ የኢትዮጵያን ቀን በቁጥር ስትጽፍ ኤክሴል በጎርጎርዮሳዊው ሊኖር የሚችለውን ሁሉ ቀን ነው ብሎ ወደ ራሱ ቁጥር ይለውጠዋል፣ «30/02/2017» ያለውን ግን ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በሳጥኖቹ ውስጥ አንዱ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ተጠግቶ ከታየ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

በምን ይፈተን?

የዛሬን ቀን መሞከር ምንም አያሳይም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 መሆናቸውን በሁለቱም አቅጣጫ ያረጋግጡ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲገባለት ኮዱ እንዲቃወም ያድርጉ፤ ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 የሚያሻግር ከሆነ አልጨረሱም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ በተለይ ይሞክሩ፣ ዩቲሲ ገና ትናንት ላይ ያለው ያኔ ነውና።

የመጨረሻው ፈተና የጥምቀት ነው። የዩኒክስን ሰከንድ በ32 ቢት የሚይዙ የቆዩ ሲስተሞች ሊቆጥሩ የሚችሉት እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። ያ ሰከንድ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ይውላል፤ አዲስ አበባ ላይ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል፣ ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሳሉ። በሚቀጥለው ሰከንድ እንዲህ ያለው ሲስተም ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚመዘግብ ሲስተም የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ዛሬ ሲያሰላ ያንን ሰከንድ ይሻገራል። አንድ የሙከራ ብድር ከፍተው የመጨረሻውን መስመር ያንብቡ፤ ዓመቱ በ19 የሚጀምር ከሆነ ዓምዱን ወደ 64 ቢት ይለውጡ።